አፍንጫ አይምልም

በጥቅምት መተማ ላይ እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ እንኳ ለብ ይላል። በዚያ ሐሩር ዶክተር ያረጋል ጢሙ ላይ አመዳይ ይዞ ሞቶ ተገኘ።

ቀኑ ረቡዕ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2008 ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል። ሰውየው ከጎንደር መጥቶ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ የጉንፋን ጥናት ሲመራ ሁለት ዓመት ቆይቷል። አገሬው ሲስቅበት ኖሯል። ወባና ካላዛር ሰው በሚፈጅበት ቆላ ንፍጥ የሚሰበስብ ሐኪም! ደግሞ እኮ ከሰሊጥ አጫጆች አፍንጫ በጥጥ ጠርጎ ያወጣውን በብልቃጥ እያደረገ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን በሚሉት፣ በረዶን ትኩስ በሚያሰኝ ነገር ውስጥ ያኖረው ነበር።

የሞተውም እዚያው ናሙና ክፍል ውስጥ ነው። መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት። የናይትሮጅኑ ጋን ተገልብጧል፤ ፈሳሹ ተንኖ አየሩን አባርሮ ሰውየውን አፍኖታል።

ኢንስፔክተር ውድነሽ ሐሙስ ጠዋት ከጎንደር ስትደርስ የመተማ ፖሊስ ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቃት። አለበል የሚባል የጎጃም አጫጅ ታስሯል። ሰኞ ዕለት ከዶክተሩ ጋር ሲጯጯህና ደረቱን ሲገፋው ሰው አይቷል፤ ረቡዕ ከግቢው እየሮጠ ወጥቷል። ሌላ ምን ይፈለጋል? አለቃዋም በስልክ ያላት ይኸንኑ ነው፤ «የምርመራ ቀጠሮው ኅዳር 10 ያልቃል። ያን ቀን ልጁ በሰው መግደል ተከሶ ወደ ጎንደር ይሄዳል። አታራዝሚው።»

ጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት መንገድ ዘጋችባት። አሰበች ትባላለች፤ የእስረኛው እኅት፣ የአጫጆቹ ሰፈር ወጥ ሠሪ።

«እትዬ፣ ወንድሜ በመስከረም በወባ ሞቶ የተነሣ ነው። ገና ጉልበቱ አልጸናም። ደግ ሰው ነው አልልዎትም፤ ግትር ነው። ግን ሰው አልገደለም!»

«እሱ ራሱ እንዲህ ይበለኝ» አለችና አልፋት ገባች።

አለበል ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ቀና ብሎም አላያት።

«ረቡዕ ለምን ወደ ግቢው ሄድህ?»

«አልናገርም።»

«ሰኞ ከዶክተሩ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«አልናገርም አልሁ። ምያለሁ።»

«ለማን?»

«እሱንም ምያለሁ።»

ውድነሽ በሃያ ዓመት ሥራዋ ውሸታም አይታለች፣ አልቃሽ አይታለች። በመሐላው ለመሰቀል የተዘጋጀ ጎጃሜ ግን ከሁሉም ይብስባታል። ውሸት መልሶ መላልሶ ይፈታል፤ ዝምታን ምን ያደርጉታል? ተናዳ ወጣች።

ናሙና ክፍሉ በር ላይ ብዙ ቆየች። በሩ ከውጭ የሚወረወር ብረት መወርወሪያ አለው። ሰማያዊው ቀለም በውስጥ በኩል፣ ከታች ከመሬቱ አጠገብ፣ ተፋፍቋል። ጎንደር አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደግሞ ከሟቹ ጥፍር ሥር ሰማያዊ ቀለም ማግኘቱን ነግሯታል። ሰውየው በሩን ሲቧጥጥ ነው የሞተው። አስከሬኑን ያገኘችው የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሔለን ግን በሩን ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው ያገኘሁት ብላለች።

ከሟቹ ኪስ ሁለት ነገር ወጥቷል። አንዱ በንፍጥ የራሰ መሀረብ ነው። ሌላው ከአዲስ አበባ ላቦራቶሪ የመጣ ወረቀት ነው፤ ላዩ ላይ «መስከረም 20 የተወሰዱ ናሙናዎች» ይላል፤ ከሥሩ አርባ ስምና አርባ መስመር የፊደል ቅንጥብጣቢ ተደርድሯል። ሟቹ በእርሳስ ከዳር እስከ ዳር አስምሮበታል። ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭኖታል፤ ተናዶ ነበር።

ዘበኛው ኸሊፋ ሽማግሌ ናቸው፤ ፖሊስ አይወዱም፤ አለመውደዳቸውንም አይደብቁም።

«ስድስት ተኩል ላይ ለዙህር ሶላት መስጊድ ሄድኩ። ስመለስ ያ የታሰረው ልጅ እየሮጠ ወጣ። ኸላስ! ሌላ የማውቀው የለም።»

«እርስዎ በሌሉበት በጓሮ ሰው ሊገባ ይችላል?»

«የእሾህ አጥር ነው፤ ስንጥቁን የሚያውቅ ይገባል። እኔ የተቀጠርኩት በር ልጠብቅ ነው፣ አጥር ልጠብቅ አይደለም።»

«ዶክተሩ ጉንፋን ይዞት ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ?»

ሽማግሌው ጥያቄው ቀለላቸው። «ማክሰኞ ጠዋት ነው ማስነጠስ የጀመረው። ይማርዎ አልኩት። እሑድ ብቻውን ሽንፋ ወርዶ ከወሎ አዲስ የመጡትን አጫጆች አፍንጫ ሲጠርግ ውሎ ነበር፤ የእጁን አገኘ።»

አቶ ደረበ የእርሻው ባለቤት ናቸው። ጥናቱ የሚካሄደው በሳቸው አጫጆች ላይ፣ በሳቸው ግቢ ውስጥ ነበር። የተቀበሏት ከትራክተራቸው ሳይወርዱ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰሊጤ በቁሙ እየፈነዳ ነው! አንድ ቀን ያደረ ሰሊጥ መሬት ነው የሚበላው። በመስቀል ዋዜማ አርባ አጫጅ በአንድ ሌሊት ጥሎኝ አብርሃ ጅራ ገባ፤ እዚያ ሥራው ይሻላል ተብሎ። የቀረኝ በወባ የተዘረረው አለበል ብቻ ነበር። እሱንም አሰራችሁት!»

«ዶክተሩን ከግቢዬ እነቅልሃለሁ ብለው ዝተዋል።»

«ብያለሁ! ሰው ሲያጭድ አስቁሞ አፍንጫ የሚጎረጉር ምን ሊባል ነው? ዛቻ ሰው የሚገድል ቢሆን አርማጭሆ ውስጥ ሰው ባልተረፈ ነበር። ረቡዕ ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ማሳ ላይ ነበርኩ፤ ጠይቂያቸው።»

ጠየቀች። በኋላ የቀጠሯቸው ዘጠኝ አጫጆች መሰከሩላቸው፤ ዘጠኙም አይወዷቸውም።

ሔለን ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ቢሆንም ምላሷ አልደከመም።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ልታስሩኝ ከሆነ ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱብኝ።»

«ማሰሩ ይደርሳል። መጀመሪያ ስለ ጉንፋን አስተምሪኝ።»

ሔለን ቀልድ መስሏት አፈጠጠችባት። ሴትዮዋ ግን ማስታወሻዋን ከፍታ ትጠብቃለች።

«ጉንፋን አንድ ነገር አይደለም» አለች ሳትወድ። «አብዝቶ የሚይዘን ራይኖቫይረስ ብቻውን ከመቶ ስልሳ በላይ ዓይነት አለው። አንዱ ቫይረስ ሰባት ሺህ ያህል የዘር ፊደል ነው። አፍንጫ ውስጥ ሲራባ ያን ሁሉ ፊደል ይገለብጣል፤ ግን እንደ ቸኳይ ጸሐፊ ነው፣ የጻፈውን መልሶ አያይም። ስለዚህ ይሳሳታል። ከእኔ ወደ እርስዎ ቢተላለፍ የእርስዎ ከእኔው አንድ ሁለት ፊደል ሊለይ ይችላል። ከእርስዎ የያዘው ሰው ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ይርቃል።»

«ስህተቱን ቆጥራችሁ ማን ለማን እንደሰጠ ታውቃላችሁ ማለት ነው።»

«በደፈናው፣ አዎ። የሚለወጠውም በዚያው ስህተት ነው። ሰውነታችን አንዱን ሲለምድ የተለወጠው ሾልኮ ያመልጠዋል። ዶክተር ያረጋል ከደጋ የሚመጣ አጫጅ ምን ዓይነት ጉንፋን ይዞ እንደሚወርድ፣ እዚህ ሲደርስ እንዴት እንደሚለወጥ ነበር የሚያጠናው። ሰው ግን ሳቀበት!» እንባዋ መጣ።

«ይህን የሚያውቅ ከእናንተ ውስጥ ማነው?»

«ዶክተሩና እኔ ብቻ።»

ውድነሽ ወረቀቱን ሰጠቻት። ሔለን አየችው፤ ደግማ አየችው፤ «ላቦራቶሪው ተሳስቶ መሆን አለበት» ብላ መለሰችላት። ውድነሽ ወረቀቱን አጥፋ ማስታወሻዋ ውስጥ ከተተችው።

የቀረው ወንጌል ነው፤ ናሙና ሰብሳቢው ነርስ። አርብ ጠዋት መጣ፤ ጨዋ፣ ንጹሕ፣ ሁሉ የሚወደው ልጅ። ዶክተሩ በጻፈለት ደብዳቤ ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ሊማር ተቀብለውታል፤ በጥር ይሄዳል።

«ሰኞ ጠዋት አብርሃ ጅራ ሄድኩ። የተመለስኩት ረቡዕ ማታ ነው። አስከሬኑ ተጭኗል፣ ክፍሉ ታሽጓል። ከሰኞ ጠዋት ወዲህ ዶክተሩን በዓይኔ አላየሁትም» አለና አፉን በክንዱ ሸፍኖ አስነጠሰ። «ይቅርታ።»

«ይማርህ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዛሬ ሌሊት።»

«ሔለን አፍንጫህን ትጥረግህ።»

ወንጌል ሳቀ። «ጉንፋንም ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«የሁሉም ይጠረጋል፤ የእኔም ጭምር።»

እንዳለችውም የራሷ፣ የሔለን፣ የኸሊፋ፣ የወንጌል ተጠረገ። የሟቹ መሀረብ ተጨመረ። ሽንፋ ካሉት የወሎ ልጆች አሥር፣ አብርሃ ጅራ ካሉት አጫጆች ሠላሳ ሰው ተጠርጎ ሁሉም በአንድ ሳጥን ወደ አዲስ አበባ ሄደ። አለቃዋ ሲሰማ ጮኸ። «ነፍሰ ገዳይ በንፍጥ ልትፈልጊ ነው?» አላት። የዶክተሩ ዘመዶች ገዳይ ታቀማጥያለሽ ብለው ሰደቧት። አጫጆቹ ደግሞ ንጹሕ ሰው አሰርሽ ብለው መኪናዋን በድንጋይ መቱት። እሷም ለሁሉም እኩል ፊቷን አጠቆረች። አሰበች በየቀኑ ለወንድሟ ምግብ ይዛ ትመጣለች፤ በየቀኑ ትለምነዋለች፤ እሱም በየቀኑ አንገቱን ይነቀንቃል።

ኅዳር 9 ጠዋት ውጤቱ መጣ። አንድ ቀን ቀርቷል። ውድነሽ ሁሉንም በግቢው አዳራሽ ሰበሰበች፤ ሔለንን፣ ወንጌልን፣ አቶ ደረበን፣ ኸሊፋን፣ አሰበችን። አለበል በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል።

«ሥራ አለብኝ» አሉ አቶ ደረበ።

«ሟቹም ነበረበት። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ።

«ከበሩ ልጀምር። ዶክተሩ በሩን ሲቧጥጥ ነው የሞተው፤ ስለዚህ ከውጭ ተወርውሮበታል። ሔለን ስትደርስ ግን በሩ ክፍት ነው። ገዳይ እንዳይወጣ የዘጋበትን ሰው ለምን ይከፍትለታል? የዘጋው ሌላ፣ የከፈተው ሌላ ነው። የከፈተው አለበል ነው። ከፈተ፣ አየ፣ ደነገጠ፣ ሮጠ።»

«መሞቱን ሊያረጋግጥ ከፍቶስ ቢሆን?» አሉ አቶ ደረበ።

«ይሆናል። እኔም በበር ብቻ ሰው ነጻ አላወጣም። ለዚህ ነው ሃያ ሁለት ቀን ስድባችሁን የጠጣሁት።» ወረቀቱን አነሣች። «ይህ ሟቹ ኪስ ውስጥ የነበረ ነው። መስከረም 20፣ አርባ አጫጅ፣ አርባ ናሙና። አቶ ደረበ፣ አርባው ሰው ጥሎዎት የሄደው መቼ ነው?»

«በመስቀል ዋዜማ አልኩሽ እኮ።» ድንገት ገባቸውና ቀና አሉ። «መስከረም ዐሥራ ስድስት!»

«በአራተኛው ቀን የሌለ ሰው አፍንጫ ተጠረገ ማለት ነው። የአርባው ቫይረስ አንድ ዓይነት ነው፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አንዲትም ልዩነት የለውም። ሔለን፣ ጉንፋን አርባ ሰው ሲይዝ እንዲህ ይሆናል?»

ሔለን በሹክሹክታ መለሰች። «አይሆንም። የሆነ ቦታ ይሳሳታል። አርባውም ሰው አንድ ቀን ጉንፋን አይዘውም። ይህ ያንድ ሰው አፍንጫ ነው።»

«ያንድ ሰው አፍንጫ፣ አርባ ጊዜ። ያደረገው ሰው ላቦራቶሪው ቫይረስ ኖረ አልኖረ ብቻ የሚያይ መስሎታል። ፊደሉ እንደሚነበብ ያላወቀ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሔለን አይደለችም። የማንን አፍንጫ? አሰበች፣ በመስከረም መጨረሻ ጉንፋን ይዞሽ ሔለን ናሙና ወስዳብሽ ነበር። ከማን ያዘሽ?»

«ከእሱ ነዋ!» አለች አሰበች ወደ ወንድሟ እያመለከተች። «ወባው ላይ ጉንፋን ተጨምሮበት ነበር፤ ማን አስታመመው?»

«ያንቺ ከአርባው በሁለት ፊደል ብቻ ይለያል። አርባው አፍንጫ የአለበል ነው። ዶክተሩ ሰኞ ዕለት ስም ዝርዝሩን ይዞ ሰፈሩ ሲሄድ ያገኘው እሱን ብቻ ነው፤ የት ሄዱ፣ ማን ጠረገህ ብሎ ጮኸበት። እሱም ምሎ ስለነበር ገፍቶት ሄደ።»

ሁሉም ወደ አለበል ዞሩ። አለበል መሬት መሬት ያያል።

«ለመናገር አልፈለገም፤ አላስገደድሁትምም። አፉ ምሏል። አፍንጫ ግን አይምልም።» ከዚያ ወደ ወንጌል ዞረች። «አፍንጫ መጥረግ ያንተ ሥራ ነው።»

ወንጌል ፊቱ አልተለወጠም። «እሺ፤ አጭበርብሬያለሁ። ሰዎቹ ሄደው ባዶ ብልቃጥ ይዤ ልመለስ? ለዚያ እቀጣለሁ። ዶክተሩ ሲሞት ግን አብርሃ ጅራ ነበርኩ።»

«ነበርክ፤ ሰኞና ማክሰኞ ቀን ያዩህ አሉ። ረቡዕ ያየህ ግን የለም። በግርግሩ አላየነውም አሉ። እኔም ያንተን ጉንፋን ጠየቅሁት። ዶክተሩ ጉንፋኑን እሑድ ሽንፋ ላይ ከወሎ ልጆች ይዞት መጣ፤ ማስነጠስ የጀመረው ማክሰኞ ነው። ያ ዓይነት አብርሃ ጅራ ካሉት ከሠላሳው አንዱም ላይ አልተገኘም። ኸሊፋን አልያዛቸውም፣ ሔለንን አልያዛትም። አንተ ላይ ግን አለ። ያንተ ከዶክተሩ በስንት ይለያል፣ ሔለን?»

«በአንድ ፊደል።» ሔለን መለሰች ወንጌልን እያየች። «ከሰባት ሺህ በአንድ።»

«አርባው ምንም ስላልተለያየ ሐሰት ሆነ፤ ይህ በአንዲት ፊደል ስለተለየ እውነት ሆነ። ዶክተሩ ሰኞ ጠዋት ጉንፋን አልነበረበትም። ረቡዕ ማታ ስትመጣ አስከሬኑ የለም፣ ክፍሉ ታሽጓል። ታዲያ የት ተገናኛችሁ? ልንገርህ፤ አለበል ሰኞውኑ ዶክተሩ ደረሰበት ብሎ መልእክት ላከልህ። ረቡዕ ኸሊፋ መስጊድ ሲሄዱ በአጥሩ ስንጥቅ ገባህ። ለመንኸው። እሱ ደብዳቤዬን እስባለሁ አለህ፤ እየተቆጣ፣ ፊትህ ላይ እያስነጠሰ። ጋኑን ገልብጠህ ወጥተህ ወረወርህበት።»

ወንጌል ዘሎ ተነሣ። ወደ ውድነሽ አልነበረም፤ ወደ አለበል ነው። ፖሊሶቹ ደረቱን ያዙት።

«ምለህልኝ ነበር!» አለ እየጮኸ። «አትናገርም ብለህ በጊዮርጊስ ምለህልኝ ነበር!»

«እንዴት ያለ ዓይን አውጣ ነው!» አሉ ኸሊፋ።

አለበል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«አንዲት ቃል አልወጣኝም። ጠይቃቸው» አለ። «በመስከረም ወባው ሲጥለኝ በጀርባህ አዝለህ ሐኪም ቤት ያደረስኸኝ አንተ ነህ። ለዚያ ነው አፍንጫዬንም መሐላዬንም የሰጠሁህ። ረቡዕ ልለምንልህ ነበር የመጣሁት። በሩን ስከፍተው የሰውዬው እጅ ደጁ ላይ ወደቀ። ማን እንደዘጋው ያኔውኑ ገባኝ። ወንጌል ይመጣል፣ ይህን ሰው ፍቱት፣ እኔ ነኝ ይላል ብዬ ነው ሃያ ሁለት ቀን የቆጠርሁ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንተን ነበር የማይ። ነገ ወደ ጎንደር ሊጭኑኝ ነበር። ትመጣ ነበር?»

ወንጌል እጁን ለፖሊሱ ዘረጋ። ፖሊሱ ካቴናውን አጠለቀለት።

«ንገረኝ እንጂ! ትመጣ ነበር?»

«አልመጣም ነበር» አለ ወንጌል።

አለበል ራሱን ነቀነቀ። ፖሊሶቹ ወንጌልን ይዘው እስኪወጡ ቆሞ አየው። አሰበች መጥታ እጁን ያዘችው። ያን ጊዜ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።